ቃጫ የጎረሰው ሞተር

ወንድሜ ሞተሩን እንደፈታው ነው የሞተው። ሞተር ገደለው ማለቴ አይደለም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። የገደለው ሕመም ነው። አጭር ሕመም ነበር፤ ስሙን እንኳ በቅጡ ሳንለምደው ጨረሰው። ሞተሩ በዚያን ጊዜ ጓሯችን ውስጥ፣ ከእንሰቱ አጠገብ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ ቆሞ ነበር። ለመስቀል ሰሞን ውድድር እያዘጋጀው ነበር።

ስለ ውድድሩ ለመናገር ስለ ጀፎረው መናገር አለብኝ። መንደራችን ከወልቂጤ ብዙ አይርቅም። በመሐሉ ጀፎረ ያልፋል። መንገድ ነው ብል ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሣር የለበሰ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ተሰልፈዋል። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ላይ ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው ያስገባ ሰው ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። ሣሩን መቆፈር፣ መንቀል፣ ማቃጠል ነውር ነው። ድሮ ፈረስ ይጋለብበት እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ፣ ለመስቀል ሀገሩ ሁሉ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ ወጣቶቹ ሽማግሌዎቹን ለምነው ሞተር መሽቀዳደም ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ የፈቀዱት እንዲሁ አይደለም። ትልቅ ሞተር አይገባም። ሰው የሚያመላልሰው፣ ጆንያ የሚጭነው ትንሹ የሥራ ሞተር ብቻ ነው የሚወዳደረው። ጥርሳም ጎማ ክልክል ነው፤ ሣር ይነቅላል። የኋላ ፍሬን ይዞ እየተንሸራተተ ሣሩን የላጠ ሰው ወዲያው ይወጣል። በሁለቱ ጫፍ በርሜል ይቆማል። በአንዱ ዳር ትሄዳለህ፣ በርሜሉን ትዞራለህ፣ በሌላው ዳር ትመለሳለህ። ከመስቀል በፊት ባሉት እሑዶች፣ ዝናቡ ካባራ፣ መለማመድ ይፈቀዳል። ይኸው ነው። ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ወንድሜ ቡታጅራ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ ሞተር ወደ ቤት ይመጣል። እናታችን፣ በቋንቋችን አዶት ነው የምንላት፣ ድምፁን ገና ከመታጠፊያው ትለየዋለች። ስንት ሞተር በሚያልፍበት መንገድ የእሱን እንዴት እንደምትለይ አላውቅም። እኔ "ሌላ ነው" ስላት እሷ ተነስታ ጎመኑን ታሞቃለች። ከሞተ በኋላም ሞተር ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። ግማሽ ድረስ። ከዚያ መልሳ ትቀመጣለች። ክረምቱን እንዲህ ከረምን።

ነሐሴ ላይ አጎቴ ደወለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ይነግዳል። አባታችን ካረፈ ወዲህ ለቤታችን የሚያስበው እሱ ነው።

"ለመስቀል በአይሱዙ ነው የምመጣው" አለኝ። "ስመለስ ሞተሩን ጭኜው እሄዳለሁ።"

"ለምን ጋሼ?"

"እናትህ እያየችው እንዴት ትኑር? አንተስ ብትሆን? ከሸራው ሥር ቁጭ ብለህ እንደምትውል ነግራኛለች። ውሰድልኝ ያለችኝ እሷው ናት።"

እውነት ነው፤ ከሸራው ሥር እውል ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ድሮም ብዙ አላወራም። ሸራው ውስጥ የዘይት ሽታ አለ፣ የወንድሜ ቁልፎች አሉ። ምንም አልሠራም። እቀመጣለሁ ብቻ።

"ውድድሩ ይለፍ" አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው።

"የምን ውድድር? ማን ሊነዳው?"

"እኔ።"

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "እሺ" አለ። "ውድድሩ ባለቀ በማግስቱ ግን ይጫናል።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሸራው ተመለስኩ። ሞተሩ እንዲሄድብኝ አልፈልግም ነበር። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ከነዳሁት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከሄደ ግን... እንዴት ልበል። ከሄደ ከወንድሜ ጋር የምሠራው ነገር አይኖረኝም።

መንዳት እችላለሁ። መግጠም አልችልም። ወንድሜ ቁልፍ አቀባይ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። "ባለ አሥር" ሲል ባለ አሥሩን፣ "ካቻቢቴ" ሲል ካቻቢቴውን። የት እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነበር። ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡታጅራ ሄድኩ።

ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረ ጓደኛ አለው። የመስቃን ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው። ለቅሶው ላይ ከማንም ቀድሞ መጥቶ ድንኳን የተከለው እሱ ነበር። ጋራዡ በር ላይ ስደርስ ከአንድ ባጃጅ ሥር ሁለት እግር ብቻ ይታያል።

"አሰላሙ አለይኩም" አልኩ።

"ወአለይኩም ሰላም። ትንሹ! አንተ ነህ?"

"በምን አወቅከኝ?"

"በጫማው። ከእሱ ጋር ሆነን ነው የገዛነው።"

ከሥር ተንፏቆ ወጣ። እጁ ዘይት ስለነበረ ክንዱን ሰጠኝ፤ ክንዱን ጨበጥኩት።

"ሞተሩን ልነዳው ነው። ለመስቀል" አልኩት።

"ማሻአላህ! ተገጠመ?"

"አልተገጠመም።"

"እና ምኑ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የምትነዳው?"

እኔም ሳቅሁ። ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም። ግን ወንድሜ ከሞተበት ከግንቦት ወዲህ አልሳቅሁም ነበርና አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። እሱም የእኔን አይቶ ይስቃል። የባጃጁ ባለቤት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰውዬ፣ "እናንተ ልጆች፣ የእኔን ጨርሱና ሳቁ" አሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከሚኒባስ ይወርዳል፣ የአዶትን ጉልበት ይስማል፣ ወደ ጓሮ ይገባል። አዶት ለእሱ ጎመንና አይብ ከቆጮ ጋር ታዘጋጃለች። እኛ ያረድነውን ሥጋ እንደማይበላ ስለምታውቅ እሱ በመጣ ቀን ለማንም ሥጋ አይወጣም። "እማማ፣ በእኔ ሰበብ ጦም አስገባኋችሁ" ይላታል። "ብላ ዝም ብለህ" ትለዋለች።

መጀመሪያ ማራገፍ ነበር። መስታወቶቹን ፈታን፣ መብራቱን ፈታን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ ማቆሚያውን፣ የጭቃ መከላከያውን። ሞተር ሲራቆት የተሸለተ በግ ይመስላል፤ ያሳፍራል። "ብረት መሸከም አይከፈልበትም" ይላል ጓደኛው። ያወለቅነውን ሁሉ በጆንያ አድርገን ጎተራው ሥር አስቀመጥን።

ቀጥሎ ጎማ። የወንድሜ ሞተር ጥርሳም ጎማ ነበረው፤ ለጭቃ መንገድ ያደረገው ነው። በጀፎረው ሕግ አይሆንም። ወልቂጤ ወርደን ሰው የሚያመላልሱ ባለሞተሮች የጣሉትን ጎማ ስንለምን ዋልን። አንዱ "አዲስ ሲለምኑ ነበር የማውቀው፤ ያለቀ የሚለምን ዛሬ አየሁ" አለን። ሙሉ በሙሉ ላጣ ከሆነ ጠዋት በጤዛ ይጥላል። ስለዚህ መስመሩ ትንሽ የቀረውን መረጥን። አየሩን ደግሞ ቀንሰን፣ በአውራ ጣት ስንጫነው ትንሽ እሺ እንዲል አደረግነው። ሣሩን እንዲይዝ፣ ግን እንዳይነክስ።

የኋላውን ጥርስ ወንድሜ ራሱ አስቀምጦት ነበር። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ክብ ብረት ማለቴ ነው። ዘይት በነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁልፎቹ መካከል አገኘሁት። ከበፊቱ ይበልጣል።

"ይሄ ለምንድነው?" አልኩ።

"ጀፎረው ስንት ነው ርዝመቱ? ገና ሳትፈጥን በርሜሉ ይደርሳል። ስለዚህ ፍጥነት ምን ያደርግልሃል? ከበርሜሉ ስትወጣ የሚጎትትልህ ነው የምትፈልገው። ትልቅ ጥርስ ይጎትታል። ወንድምህ ይህን ሁሉ አስቦ ጨርሶታል፤ እኛ እየገጠምን ብቻ ነው።"

ይህን ሲል ደስ አለኝ። ማዘን የነበረብኝ ይመስለኛል። ግን ደስ አለኝ።

ካንዴላውን፣ ለነዳጁ እሳት የሚጭረውን ብረት፣ ፈትቶም አሳየኝ። ጫፉ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ አንሶታል። "የተቆላ ገብስ ሲመስል አልጠገበም አልተራበም፤ ልኩ ያ ነው" አለኝ። እኔም ካንዴላ ማንበብ ተማርኩ። ከትምህርት ቤት በኋላ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ገጥመን ጨርሰን ያስነሳነው ቀን ነው ችግሩ የመጣው። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት ማርሚታውን፣ ጭስ የሚወጣበትን ቱቦ፣ ሆዱን ባዶ አድርጎት ነበር። ጉልበት ይጨምራል ብሎ። መርገጫውን ስረግጠው ጩኸቱ በእንሰቱ ቅጠል መካከል ፈነዳ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። አዶት ከማዶ እንሰት እየፋቀች ነበር። ተነሳች። ያን ቀን ግማሽ ድረስ አልነበረም፤ ሙሉ ተነስታ፣ መፋቂያውን በእጇ እንደያዘች፣ እስከ ቤቱ ማዕዘን ድረስ መጣች። አየችኝ።

"አንተ ነህ" አለች። ተመልሳ ሄደች።

አጠፋሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተሩን ከመንደሩ ውጭ ድረስ እየገፋሁ ወስጄ ነበር የማስነሳው። ዳገት ነው። ጓደኛው ከኋላ ይገፋልኛል፣ ያለከልካል።

"እንዲህ እየገፋን ከሆነ በሬ እንግዛ" አለኝ አንድ ቀን። "ማርሚታውን ማፈን ይሻላል። የውድድር ሰዎች ውስጡን የሚጠቀጥቁበት፣ ከመስታወት የሚሠራ ጥጥ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።"

"የት ይገኛል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

አሰብኩ። "ቃጫስ?" አልኩ።

የሌላ አገር ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ ግን እንሰት ሥር ያደገ ልጅ ነው። በእኛ ዘንድ ቃጫ የማይሠራው ነገር የለም። ጣሪያ ይታሰርበታል፣ ላም ትጎተትበታል፣ ቡላ ይጣራበታል፣ ዕቃ ይፈተግበታል። ስለዚህ በቁም ነገር አሰበበት።

"ይቃጠላል" አለ።

"በጭቃ ብንለውሰውስ? ቤት ስንመርግ ጭድ ከጭቃ እንቀላቅል የለም? ግድግዳ ይቃጠላል እንዴ?"

ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አየኝ። "ወላሂ፣ አንተ ልጅ ተምረሃል" አለ።

ቀይ ጭቃ አቡክተን፣ ቃጫውን ለውሰን፣ በእንጨት እየጠቀጠቅን ማርሚታውን አጎረስነው። ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ስናስነሳው ድምፁ ዝቅ ያለና ወፍራም ሆነ፤ ሽማግሌ ጉሮሮውን የሚጠርግ ይመስል ነበር። ቤታችን በር ላይ አለፍኩ፤ አዶት ቀና አላለችም። ተቃቅፈን ጨፈርን። እንደ እኛ ብልህ ያለ አልመሰለንም።

ከመስቀል በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ ወደ ልምምዱ ወጣን። ሞተሩ አልሄድ አለ። ከበርሜሉ ስወጣ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይስላል። ከአዲስ አበባ ቀድሞ የገባ፣ ቆዳ ጃኬት የለበሰ አንድ ልጅ አለ፤ ባለፈው ዓመት አንደኛ የወጣው እሱ ነው። በአጠገቤ ባለፈ ቁጥር ይጮሃል፦

"ሞተሩን ጉንፋን ይዞታል! ዳማከሴ አሽቱለት!"

ሰው ይስቃል። የወንድሜ ጓደኛ ከዳር ሆኖ ይመልሳል፦ "አንተን አይቶ ነው ጉሮሮውን የሚጠርገው፤ ሊሰድብህ ነው!"

ካንዴላውን ፈታነው። ከሰል ሆኗል። "ትንፋሹን አጠበብነው፤ እንግዲህ ምግቡንም እንቀንስለት" አለ ጓደኛውና ጅግለሯን፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ በትንሿ ቀየራት። ትንሽ ተሻለው። ገብስ ባይመስልም ከከሰል ወጣ።

ስንለማመድ የሰፈራችን ሽማግሌ መጡ። የጀፎረው ነገር በእሳቸው ነው። በልጅነታቸው እዚያው ሣር ላይ ፈረስ ጋልበዋል። ጎማዬን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው "ላጣ ነው። መልካም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"በርሜሉን ስትዞር ምን ታያለህ?"

"በርሜሉን፣ አባባ።"

"ለዚህ ነው የምትፈራው። የምታየው ቦታ ትደርሳለህ። በርሜሉን ካየህ በርሜል ላይ ነው የምትወጣው። ከበርሜሉ ማዶ የምትሄድበትን ሣር እይ። ፈረስም እንዲያ ነው።"

ሞከርኩት። ሞተሩ በራሱ የዞረ መሰለኝ።

የውድድሩ ቀን ጀፎረው በሰው ተሞላ። ከአዲስ አበባ የገቡት፣ ከወልቂጤ የወጡት፣ ሕፃን የታቀፉ፣ ቅቤ የተቀቡ። ከየቤቱ የክትፎ ሽታ ይመጣል። የአጎቴ አይሱዙ አጥራችን ሥር ቆሟል። የሚጫንበትን ገመድ እንኳ አውጥቶ ከጎኑ አንጠልጥሎታል። ገመዱን ላለማየት በሌላ በኩል ዞሬ ወጣሁ።

አዶት አልወጣም አለች። በጥቁር ልብሷ አይብ እያጠለለች ነበር። "ሄልሜቱን ጠበቅ አድርገህ እሰር" አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም።

ተሰለፍን። ጓደኛው ጆሮዬ ላይ "የኋላውን ፍሬን እርሳው፤ እንደሌለ ቁጠረው" አለኝ። ጨርቅ ተውለበለበ። ሁሉም ወጡ፣ እኔም እየሳልኩ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበርኩ። ግን ዙሩ ላይ ያምርልኛል። ሌሎቹ በርሜሉን እያዩ ሲፈሩ እኔ ማዶውን ሣር አያለሁ። አንዱ የኋላ ፍሬን ይዞ ተንሸራተተና ሣር ላጠ፤ አስወጡት። አንዱን ዙር ላይ አለፍኩት።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ከወዲያኛው በርሜል እየወጣሁ ነዳጅ ስሰጠው፣ ከኋላዬ ድው የሚል ነገር ሰማሁ፤ ሞተሩም እንደ ታሰረ ውሻ ገመዱን በጥሶ ወጣ። ሳሉ ጠፋ። ያ የድሮ ጩኸቱ፣ የወንድሜ ጩኸት፣ ጀፎረውን ሞላው። አንዱን አለፍኩ። ሌላውን አለፍኩ። ግራና ቀኝ ሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ ይጮህልኛል። እናቶች ብድግ ብለዋል። አንድ ሰውዬ ከጎኔ እየሮጠ በሁለት እጁ ኋላዬን ያሳያል። እኔ ፍቅር መሰለኝ። እውነቴን ነው። ሕዝቡ ይህን ያህል ይወደኛል እንዴ ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። አንድ እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው።

ለካ "እሳት! እሳት!" ነው የሚሉት።

ጭቃው በንዝረቱ ተሰነጣጥቆ ረግፎ፣ ቃጫው ተያይዟል። ከኋላዬ እንደ ችቦ እየተንቦገቦገ፣ የሚነድ ቃጫ እየተፋሁ ነው የምሮጠው። የመጨረሻውን መስመር ሁለተኛ ሆኜ አለፍኩ፤ አንደኛው ባለ ጃኬቱ ነው። እሱ ራሱ ዞሮ ሲያየኝ ሊወድቅ ነበር። "ቆጮ ነው የምትጋግረው?" ብሎ ሲጮህ ነው ዘወር ብዬ ያየሁት። ደንግጬ ሞተሩን በጎኑ ጣልኩትና ዘለልኩ። ማርሚታው ከሥር ሆነ። ሣሩ ጢስ አለ።

የወንድሜ ጓደኛ እየሮጠ ይመጣል፣ እሳቱን ሊያጠፋበት ጃኬቱን አውልቋል። ከእሱ በፊት ግን ሌላ ሰው ደረሰ። ጥቁር ልብስ ያየሁ መሰለኝ። አዶት ነበረች። ከአይቧ ያጠለለችውን አጓት በእንስራ እንዳለ ይዛ መጥታ ማርሚታው ላይ ገለበጠችው። ጭስና እንፋሎት ሸፈነን። የተቃጠለ ወተት ሽታ ጀፎረውን ሞላው።

"ምን አጉርሳችሁት ነው?" አለች፣ እያለከለከች።

"ቃጫ" አልኩ።

"ቃጫ!" ጓደኛውን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። "እሳት ውስጥ ቃጫ? ለምን ተብሎ?"

"ድምፁን እንዳትሰሚው።"

ባዶውን እንስራ እንደያዘች ቆመች። "ሞኝ" አለችኝ። "እኔን የሚያስከፋኝ ድምፁ መሰለህ? ተደብቀህ ዳገት ለዳገት ስትገፋው ማየቱ ነው እንጂ።" ከዚያ የጓደኛውን ፊት አየች፤ ጥላሸት ለብሷል። የእኔን አየች፤ አጓት ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። እንስራውን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ነበር፤ እሷ ስትስቅ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌው ሲመጡ ሳቁ ቀነሰ። ሞተሩን አነሳነው። ከሥሩ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ሣር ጠቁሯል። በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ማነው ያቃጠለው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አንተማ ሥጋ ነህ። ሥጋ ሣር አያቃጥልም። ማነው?"

"ሞተሩ" አለ ጓደኛው ቀስ ብሎ።

"እህ።"

አጎቴ ሰው እየገፋ መጣ። "አባባ፣ ካሳውን እኔ እከፍላለሁ። ነገ መንገደኛ ነኝ፣ ሞተሩንም ጭኜ..."

"ጀፎረ በብር አይበቅልም" አሉት።

ያኔ አዶት፣ ማንንም ሳታይ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ተናገረች። "በጋው እየገባ ነው" አለች። "ወንዙም ሩቅ ነው። ይህን ሣር ማን ውሃ ሊያመላልስለት ነው?"

ሽማግሌው ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሞተሩን አዩት። ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በጉራጊኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ተነጋገሩ። አንደኛው ሳል አስመስሎ ሳቁን ዋጠ።

"ያቃጠለው ያጠጣዋል" አሉ በመጨረሻ። "ይህ ሞተር ውሃ ያመላልሳል። ሣሩ እንደነበረ እስኪሆን ድረስ ከዚህ መንደር አይወጣም። በአይሱዙም ቢሆን።"

"አባባ!" አለ አጎቴ።

"አቤት?"

አፉን ከፈተ። ዙሪያውን አየ። አዲስ አበባ በሱቁ ሦስት ሰው ያስተዳድራል፤ እዚያ ግን ልጅ ሆነ። "ምንም፣ አባባ" አለ። ከዚያ ወደ አዶት ዞሮ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ "ውሰድልኝ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አላት።

"ያኔ ሣሩ አልተቃጠለም ነበር" አለችው።

በማግስቱ አጎቴ ቆጮና ቅቤ ጭኖ ሄደ። ገመዱን ለእኔ ተወልኝ፤ "ጀሪካን እሰርበት" አለኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እየሳቀ ነበር።

አሁን በጋ ነው። ዕቃ መጫኛውን መልሰን ገጥመናል፤ ያለ እሱ ጀሪካን አይቆምም። ማርሚታውን ጓደኛው ቡታጅራ በብየዳ ሠርቶልኛል፤ እንደ ሰው ነው የሚናገረው። ሰኞ ሰኞ እሱ ጋራዥ እሄዳለሁ፣ ሥራ እያስተማረኝ ነው። ሞተሩ ከመንደር መውጣት ስለተከለከለ በሚኒባስ ነው የምሄደው። ደንበኞቹ "ሞተር ሠሪው በሚኒባስ መጣ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ለሚቀጥለው ውድድር የፊቱን አሞርዛተር፣ ንጥረቱን የሚውጠውን ስፕሪንግ፣ ልናጠነክር እያሰብን ነው፤ ዙር ላይ አፍንጫውን ይደፋብኛል።

ሳምንት ሳምንት ውሃ አመላልሳለሁ። የተቃጠለው ቦታ መጀመሪያ እንደ መርፌ ጫፍ አወጣ። ከዚያ ተሸፈነ። አሁን፣ ዙሪያው ሁሉ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ እሱ ብቻ ለምለም አረንጓዴ ነው። በሬዎች እየመረጡ እዚያ ላይ ይቆማሉ። ትናንት ሽማግሌው መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት። በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። አዶት ከደጃችን ቆማ ታያለች።

"አባባ፣ እንዴት ነው?" አልኩ።

"ገና ነው" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ባዶዎቹን ጀሪካኖች አሰርኩና ሞተሩን አስነስቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ።